ሎሚ ዘበኛ፣ ኮክ ባልንጀራ

ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ሕልም አየሁ፤ በሕልሜ የዕፅዋት ማዕከል ልጎበኝ ከሙዞች ኋላ ተሰልፌ ነበር። ሙዞቹ ከነልጆቻቸው ነው የመጡት። አንዷ ሙዝ አሥራ አራት ልጆቿን ጀርባዋ ላይ አንጠልጥላ፣ "ኧረ ሰዎቹ ሳይረግፉ እንድረስ!" እያለች በክርኗ ትገፋኛለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ልጧን በአፌ ነበር የምገፍፍላት። የዚያን ዕለት ግን ዋጥ አድርጌ ዝም አልኩ። በሕልሜም ቢሆን መናገር እንደሌለብኝ አውቅ ነበር።

ለምን ዝም እንዳልኩ አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ አለዚያ የእብድ ወሬ ይሆንባችኋል።

የምኖረው አጎቴ ቤት ነው። ጋሼ ልየው ይባላል፣ መድኃኒት ዐዋቂ ነው። ብዙ ነገር ያውቃል፤ ስሙን ያስጠራችው ግን አንዲት ቅጠል ናት። ለምን በሽታ እንደምትሆን አልናገርም። ብቻ ለእሷ የሚመጡት ሰዎች "ቁጭ በሉ" ሲባሉ "ቆመን ይሻለናል" የሚሉ ናቸው። ይህች ቅጠል ጣጣዋ ብዙ ነው። ስሟ በሰው ፊት ከተጠራ ትከሽፋለች። የሚቆርጣት ሰው ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ከማንም ጋር ቃል ሳይለዋወጥ አድሮ፣ ረቡዕ ወይ ዓርብ ማለዳ ይሄድና ጥላውን ሳይጥልባት ይቆርጣታል። ጋሼ እግሩን ካመመው ወዲህ ቆራጯ እኔ ነኝ። ለዚህ ሲል ስሟንም፣ ያለችበትንም፣ አቀማመሟንም የነገረው ለእኔ ብቻ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት አብራው ለኖረችው ሚስቱ ለእታለም እንኳ ትንፍሽ አላለም።

"ሴት ያወቀችው መድኃኒት ወንዝ ይሻገራል" ይላል።

"እኔስ ምንድን ነኝ?" አልኩት አንድ ቀን።

"አንቺ ገና አልተቆጠርሽም" አለኝ።

ታዲያ ግንቦት ላይ ጉድ ፈላ። መናኸሪያው አጠገብ ቅጠላ ቅጠል የምትሸጥ ስንዱ የምትባል ሴት የእኛን ቅጠል መሸጥ ጀመረች። የእኛ ደንበኞች እሷ ዘንድ እየሄዱ መቀመጥ ጀመሩ። ጋሼ ይህን እንደሰማ ጠራኝና ከዘራውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ "ይህችን ቅጠል የምናውቃት ሁለት ነን፤ እኔ አልተናገርኩም" አለ። ከዚያ ወዲያ ምን ይባላል? ሂሳቡን አምስተኛ ክፍል ያቋረጠም ያውቀዋል።

"ለመስከረም ስድስተኛ ክፍል አስገባሻለሁ ብዬ ነበር" አለኝ። "አሁንም ቃሌ ቃል ነው። አንድ ጊዜ ደግሞ ወሬው ከዚህ ቤት ከወጣ ግን ስድስተኛ የሚባል የለም፤ ወደ እናትሽ፣ ወደ ቆላሽ!"

ማልኩ፣ ተገዘትኩ። እውነቴን ነበር፤ ነቅቼ አንድ ቀን ለማንም ተንፍሼ አላውቅም። የቆመችልኝ እታለም ብቻ ናት። "ተዋት ልየው! ይቺ ልጅ አትናገርም። አብሬያት የምተኛው እኔ አይደለሁ?" አለችው። እውነቷን ነው። ጋሼ ሌሊት እግሩ እየጠዘጠዘው ስለሚነሳ፣ "እንቅልፍ አጣሁ" ብላ እኔ አልጋ ላይ መተኛት ከጀመረች ሦስት ወር ሆኗታል። ግንባሬን እየዳበሰች ታስተኛኛለች። እጇ ሁልጊዜ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል፤ እኔ ደግሞ ለምጄዋለሁ፣ ደስ ይለኛል። እኔም ውለታዋን ልመልስ ብዬ ከፋሲካ ወዲህ በአምስተኛ ክፍል የሳይንስ ደብተሬ ፊደል አስቆጥራታለሁ። ስጽፍላት ቶሎ ቶሎ ካልኩ፣ "ቀስ በይ፣ እጄ አይከተልሽም" ትለኛለች።

እናቴ ብቻ ናት ድሮ "ይቺ ልጅ ነቅታም ተኝታም አታርፍም" ትል የነበረች። እኔ ስለ መራገጤ የምታወራ ይመስለኝ ነበር።

ለነገሩ የዕፅዋት ማዕከል አንድ ጊዜ በእውኔም ሄጃለሁ፤ አምስተኛ ክፍል ሳለን ወስደውን ነበር። ዛፉ ሁሉ ሚስማር ተመቶበት፣ በማይነበብ ቋንቋ ስሙ የተጻፈበት ታፔላ ተንጠልጥሎበታል። ስንወጣ ዘበኛው እጅጌዬን ዳብሶ ሁለት ዘይቱን አገኘ። ሁለት ብቻ! ከዚያ ወዲህ ዘበኛ ባየሁ ቁጥር እጅጌዬ ይከብደኛል።

በሕልሜ ግን በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ራሱ ሎሚ ነበር። ኮፍያውን አናቱ ላይ ደፍቶ፣ እሾሁን አሹሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያየኛል።

"ባዶ እጁን የሚወጣ ሁሉ ሌባ ነው" ብሎ አስጠነቀቀኝ። "ፍሬ በእጁ ይዞ የሚወጣማ ምን ያፍራል? ባዶ እጁን የሚወጣ ነው ሆዱ ውስጥ የደበቀው። ስም?"

ዝም።

"የአባት ስም?"

ዝም።

"የአያት?"

ኧረ ዝም!

ሎሚው አጠገቡ ወንበር ላይ ወደ ተቀመጠው ቃሪያ ዞረ። "ጻፍ፤ ይቺ ልጅ የምታውቀው ነገር አለ። ምንም የማያውቅ ሰው እስካሁን ሦስት ጊዜ ይናገር ነበር።"

ቃሪያው ሊጽፍ አጎነበሰና ቀና አለ። "ጌታዬ፣ ዝም ማለት እንዴት ነው የሚጻፈው?"

"ባዶውን ተወውና ፈርምበት።"

ከዚያ አንገቴ ላይ ታፔላ አንጠለጠሉልኝ። "ያልታወቀ አረም። አጠገቧ አታውሩ፣ ትሰማለች" ይላል። ለጥላዬም ለብቻዋ ትኬት ተቆረጠላት። ትኬቷን እንደያዘች ጥላዬ ከመሬት ተነሳች፣ አቧራዋን አራገፈች፣ "ከእንግዲህ እኔ ልቁም፤ አንቺ ተጎተቺ" አለችኝ። እውነትም እሷ ቆማ ስትራመድ እኔ በኋላዋ መሬት ለመሬት እየተጎተትኩ ገባሁ። በየመካከሉ ዞር እያለች ታየኛለች። የገዛ ጥላዬ የምሰርቃት መስሏት ጠረጠረችኝ። የፈራሁት ግን ሌላ ነበር፤ ጥላዬ ሄዳ ቅጠሏ ላይ ብትወድቅስ? ማን ሊመልሳት ነው?

ግቢው ውስጥ ሰዎች በመስመር ተተክለዋል፣ እስከ ጉልበታቸው አፈር ውስጥ ናቸው። አንዲት ቡና በውኃ ማጠጫ ታጠጣቸዋለች። እንደ ተጎተትኩ ታፔላቸውን አነበብኩ። "ጸሐፊ፤ ከምሳ በኋላ ይጠወልጋል።" "ደላላ፤ በማንኛውም አፈር ይበቅላል።" "አስተማሪ፤ ብዙ ውኃ አይፈልግም፣ ተስፋ ይበቃዋል።" አንዷ ማንጎ ልጇን አስከትላ አንድ ሽማግሌ ፊት ቆመችና ሽማግሌውን በሁለት እጇ ይዛ ነቀነቀችው። ሁለት ጥርስ ጠብ ጠብ አለ።

"ሁለት ብቻ?" አለች። "ዘንድሮስ ምርት የለም።"

"እማ፣ ያንን ወፍራሙን ነቅንቂልኝ" አለ ልጇ።

"እሱ ገና ጥሬ ነው። ሲደርስ ራሱ ይወድቃል።"

ሽማግሌው እኔን አየኝና፣ "የኔ ልጅ፣ የሰው አፍ አለሽ፤ ተው በያቸው እንጂ!" አለኝ። ምን ላድርግ? ከንፈሬን ነክሼ ተጎተትኩ። "ይቺም የነሱ ናት" ሲል ከኋላዬ ሰማሁት።

ድንገት የመድኃኒት ቅጠሎቹ ሰፈር ደረስን። እዚያ ገበያ ነው የሚመስለው። ጤና አዳም የአንድ ነጋዴ ጆሮ በሁለት ጣቷ አሸት አሸት አድርጋ አሸተተችና፣ "ኤጭ! የከረመ ነው" ብላ ፊቷን አዞረች። ዳማከሴ ምች መቷት ተጋድማ ታቃስታለች፤ ዘመዶቿ ዙሪያዋን ከበዋታል።

"አስተማሪውን ጨምቁላት!" አለ ጦስኝ። "በአፍንጫዋ ሁለት ጠብታ ይበቃታል።"

"ትናንት ተጨምቆ አልነበረ?" አለች በሶብላ። "ዛሬ ከየት ይመጣል?"

እኔ ስደርስ ወሬው ቆመ። ቅጠሉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ በየሥሩ ሹክሹክታ ተጀመረ።

"እሷ ናት።"

"የቷ?"

"የማትናገረዋ።"

"ምን አድርጋ ነው?"

"እሱ ገና አልተወሰነም።"

እኔም በተራዬ ሁሉንም ጠረጠርኩ። በሶብላ ወሬ ለማሽተት አሰፍስፋለች። ጦስኝ ድንጋይ ሥር ተደብቆ ያየኛል። ኮሰረት ቅቤ ለማንጠር የመጣች መስላ ዙሪያዬን ትዞራለች፤ ማን ነው በሕልም ቅቤ የሚያነጥር? ሁሉም የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ የዚያችን ቅጠል ስም። እኔ ደግሞ ስሟን ምላሴ ሥር እንደ ትኩስ ድንች ይዤዋለሁ፣ መዋጥም መትፋትም አልቻልኩም።

ያኔ ነው መርማሪው የመጣው። ሳማ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ትሕትናው የሚያስጠላ።

"እህቴ፣ አትፍሪ" አለኝ። "እኔ ሰው አልመታም። እዳብሳለሁ እንጂ።"

አንገቴን ዳበሰኝ። እናንተ! ሳማ አንገት ሲዳብስ ታውቁታላችሁ?

"ማን ላከሽ?" ጆሮዬን ዳበሰኝ። "የማንን ስም ነው የያዝሽው?" ብብቴን ዳበሰኝ። እየሳቅኩም እያለቀስኩም የሻሼን ጫፍ ነክሼ ያዝኩ። ቃሪያው ከኋላ ቁና ቁና እየተነፈሰ ደረሰና፣ "ጌታዬ፣ ተናገረች?" አለ።

"አልተናገረችም።"

"እንግዲያው ጥፋቷ ከባድ ነው ብዬ ልጻፍ?"

"በጣም ከባድ በለው። ቀላል ጥፋት ያለበት ይጮኻል።"

በዚህ መሃል ነው አንዲት ኮክ ቅርንጫፏን ዘርግታ ከሳማው እጅ የመነጨቀችኝ። ጉንጯ ለስላሳ፣ ጠጉራም፣ ቀላ ያለ። "ሂድ ወዲያ አንተ ምናምንቴ! ልጅቷን ከአንተ ይልቅ እኔ አውቃታለሁ" አለችው። ጥላዋ ሥር አስተኛችኝ፣ በቅጠሏ ሸፈነችኝ፣ ግንባሬን ትዳብሰኝ ጀመር። ነጭ ሽንኩርት ሸተተኝ። ኮክ ነጭ ሽንኩርት ሲሸት አይታችሁ ታውቃላችሁ? በሕልም ግን አይገርምም። እንዲያውም ልቤ እርፍ አለ።

"ደከመሽ አይደል የኔ ሸጋ?" አለችኝ።

ራሴን ነቅንቄ አዎ አልኩ።

"ጨካኞች ናቸው። እኔ ምንም አልጠይቅሽም። ብቻ የምትፈልጊያት በየት በኩል ናት?"

በአገጬ ጠቆምኩ። መጠቆም መናገር አይደለ።

ጭር… ጭር… ጭር… የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀና ስል አንድ ነጭ ትል የኮኳ ቅጠል ላይ ተጋድሞ ቅጠሉን ይቆረጥማል። አየሁት። አየኝና ቆመ።

"ምንም አይደለም፣ ትሌ ነው" አለች ኮኳ። "ምሳውን እየበላ ነው።"

እኔ ግን ተጠራጠርኩ። ትል ምሳውን መስመር ጠብቆ ይበላል? ከግራ ጀምሮ እስከ ቀኝ ይቆረጥምና፣ ወደ ግራ ተመልሶ ከሥሩ ደግሞ ይጀምራል። ልነሳ ስል ኮኳ እንደገና ግንባሬን ዳበሰችኝ፤ ጥርጣሬዬም እንደ ጉም ተነነ። ሎሚን የጠረጠርኩ፣ ጥላዬን የጠረጠርኩ እኔ፣ እሷን መጠርጠር ነውር መስሎ ታየኝ።

አብረን ሄድን። እሷ በሥሯ እየተራመደች፣ ትሉ ጫንቃዋ ላይ ተቀምጦ። ከግቢው መካከል እሾሃማ አጥር አለ። በአጥሩ ቀዳዳ ባይ ጋሼ ልየው! ብቻውን ተተክሏል፣ እስከ ጉልበቱ። ከዘራው አጠገቡ ተተክሎ ቅጠል አውጥቷል። ታፔላው እንዲህ ይላል፦ "ልየው። ከሌላ ተክል ጋር አይስማማም። ስሙን ለጎረቤቱ አይነግርም።"

ጋሼ አየኝና በዓይኑ ወደ ምሥራቅ አሳየኝ። ከዚያ በኩል ያቺ ቅጠል ራሷ እያነከሰች መጣች። ያቺው የእኔዋ! አፏን ጥርቅም አድርጋ ዘግታለች፤ ከማታ ጀምሮ ቃል አልተናገረችም። አንድ እርምጃ ትራመድና ጥላዋን ታያለች፣ አንድ እርምጃ ትራመድና ጥላዋን ታያለች፤ ጋሼ ላይ እንዳይወድቅ። በእጇ መቆፈሪያ ይዛለች። ከኋላዋ ሰባት ስምንት ተክሎች ተከትለዋታል፤ ሁሉም ሥራቸው ላይ መቀመጥ አቅቷቸው በአንድ እግር ይወዛወዛሉ።

"ዛሬ ረቡዕ ነው" ተባባሉ። "የዚህ ሽማግሌ ሥር ከተገኘ እንቀመጣለን።"

ነገሩ ገባኝ። ልትነቅለው ነው። ጋሼ ተነቀለ ማለት ደግሞ መስከረም ተነቀለ፣ ስድስተኛ ክፍል ተነቀለ ማለት ነው። ሕጉን ደግሞ አውቀዋለሁ፤ ስሟ በሰው ፊት ከተጠራ ትከሽፋለች። አንድ ጊዜ ብጠራት መቆፈሪያው ከእጇ ይወድቃል፣ ጋሼ ይተርፋል። ግን ዞር ስል ግቢው ሁሉ ከኋላዬ ተሰብስቧል። ሎሚው ኮፍያውን አውልቆ ጆሮውን ቀስሯል። ቃሪያው ወረቀቱን ዘርግቷል። ጥላዬ እንኳ እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ አንገቷን አስግጋለች።

"እንዳትጠሪያት!" አለ ጋሼ። ጺሙ ይንቀጠቀጣል። "ልነቀል! እኔ ብነቀል ምን አለበት፣ ምስጢሬ ይቆይልኝ!"

እንዲህ ዓይነት ሰው ነው።

"ጥሪያት እንጂ የኔ ሸጋ" አለችኝ ኮኳ በጆሮዬ። "ሽማግሌው ሊያልቅለት አይደል እንዴ? ስሟን በይ።"

መቆፈሪያው ከፍ አለ።

"ስሟን በይ፤ የት እንደምትበቅልም ጨምሪ። ሥሯ ነው የሚጠቅመው ቅጠሏ? በምን ትለወሳለች?"

ቆይ፣ ቆይ። ለማዳን ስሟ ይበቃ የለም እንዴ? በምን እንደምትለወስ ለኮክ ምን ይሠራላታል? ጥርጣሬ እንደ ሳማ ጀርባዬን ዳበሰኝ፤ ዞሬ ዓይኗን ላየው አሰብኩ። ግን መቆፈሪያው ወረደ፣ አፈሩ ተፈነቀለ፣ ጋሼ ወደ አንድ ጎን ዘመመ፤ እኔ ደግሞ ዝም ማለት ያልተፈጠረልኝ ልጅ ነኝ። አፌን ከፈትኩ።

ስሟን ጠራሁ። ጠርቼም አላቆምኩ። ከማታ ጀምሮ ያጠራቀምኩት ቃል ሁሉ እንደ ተከፈተ ቦይ ወረደ፤ ከወፍጮው ጀርባ ምንጩ አጠገብ እንደምትበቅል፣ በየትኛው ጎን እንደምትቆረጥ፣ በምን እንደምትወቀጥ፣ በምን እንደምትለወስ፣ ስንት ማለዳ እንደምትቀባ። ቅጠሏ መቆፈሪያዋን ጣለች። በአንድ እግራቸው የቆሙት ተክሎች ዋይ ዋይ አሉ። ጋሼ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ።

ሎሚው ኮፍያውን መልሶ ደፋ። "ነፃ ናት" አለ። "ሌባ ብትሆን ኖሮ አትናገርም ነበር።"

ቃሪያው ፈረመ።

"ቀስ በይ እንጂ!" አለች ኮኳ። "እጄ አይከተልሽም!"

ብንን አልኩ።

ነግቷል። በመስኮቱ ስንጥቅ የገባው ብርሃን የእታለም ጉልበት ላይ አርፏል፤ ጉልበቷ ላይ የአምስተኛ ክፍል የሳይንስ ደብተሬ ተዘርግቷል። እታለም ራስጌዬ ቁጭ ብላ የእርሳሷን ጫፍ በምላሷ ታርሳለች። ገጹ ከላይ እስከ ታች ሞልቷል፤ እኔው እጇን ይዤ ባስተማርኳት ፊደል፣ ወፋፍራም፣ መስመሩን ጠብቆ። እርሳሱን ወረቀቱ ላይ አሳረፈችው፤ ጭር… ጭር… አለ።

ዓይኔ መከፈቱን ስታይ አልደነገጠችም። ነጭ ሽንኩርት በሚሸተው እጇ ግንባሬን ዳበሰችኝ።

"ተኚ፣ ተኚ የኔ ሸጋ" አለችኝ በሹክሹክታ። "አንዲት ነገር ብቻ ንገሪኝ። ማር ነው ያልሽው ቅቤ? ስንዱ ባለፈው በማር ለውሳው አልያዘልኝም ብላኛለች።"

አፌን ሳልከፍት የጋሼ ከዘራ በሩን ቆረቆረው።

"ማስተዋል! ረቡዕ ነው፣ ተነሽ!" አለ ከውጭ። "አደራ! ከአፍሽ ቃል እንዳይወጣ!"

እታለም እርሳሱን ጆሮዋ ላይ ሰካችና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።